የኢንተርኔት ስድብ፣ ማስፈራሪያና ጥላቻ በኢትዮጵያ ሕግ

በኢትዮጵያ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚደርስ ስድብ፣ ማስፈራሪያና የጥላቻ ንግግር በዋናነት በ3 ሕጎች ይዳኛል። እነሱም የ1997 የወንጀል ሕግ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እና የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ናቸው። ስሙ የገነነው የመጨረሻው ነው። በግሉ የተሰደበ ወይም የተዛተበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው መሐለኛው ነው።

የወንጀል ሕጉ ሲወጣ ፌስቡክ ገና የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች መገናኛ ነበር። ያም ሆኖ ስለ ስም ማጥፋትና ስለ ስድብ የደነገጋቸው አንቀጾች ዛሬም ይጠቀሳሉ።

አዋጅ 958 አንቀጽ 13 በኮምፒውተር አማካይነት ሰውን ወይም ቤተሰቡን ማስፈራራትን ወንጀል ያደርጋል። መልእክት እየደጋገሙ በመላክ ሰውን ማስጨነቅና ስም ማጥፋትም እዚያው አሉ። የኢንተርኔትና የስልክ አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን፣ ማለትም ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መረጃ፣ ለ1 ዓመት እንዲያስቀምጡ ይገደዳሉ። ፍርድ ቤት ሲያዝ ብቻ ነው አሳልፈው የሚሰጡት። ምርመራው የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ሥራ ሲሆን፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር የቴክኒክ እገዛ ያደርጋል። በፌክ አካውንት የሚሳደብን ሰው ማንነት ለማወቅ መንገዱ ይኸው ነው።

አዋጅ 1185ን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የካቲት 5 ቀን 2012 አጸደቀው፤ 23 አባላት ተቃውመዋል፣ 2 ድምፀ ተዐቅቦ አድርገዋል። ሕጉ ግጭት በበዛበት ጊዜ የተጻፈ መሆኑ ከትርጉሙ ይታወቃል። የጥላቻ ንግግር የሚለው ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታን ወይም አካል ጉዳትን መሠረት አድርጎ ሆን ተብሎ የሚነዛ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ነው። ስለዚህ «ደደብ» መባል፣ ቢያናድድም፣ እዚህ አይገባም። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው። በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት የጻፈም ቅጣቱ ይከብድበታል።

በሚገባ የታሰበባቸው ነገሮችም አሉ። ላይክ ማድረግና ታግ ማድረግ እንደ ማሰራጨት አይቆጠሩም። ሼር ማድረግ ግን በዚህ ነፃነት ውስጥ አልተጠቀሰም፤ ጣት ከመላክ በፊት ቢያስብ አይከፋም። የትምህርትና የጥናት ሥራ፣ የዜና ዘገባ፣ የኪነ ጥበብ ፈጠራና የሃይማኖት ትምህርትም ከክልከላው ውጭ ናቸው። የመብት ተሟጋቾች ትርጉሙ ሰፊ ነው፣ ተቺን ለማፈን ያመቻል ይላሉ። ስጋቱ ከአየር ላይ የመጣ ባይሆንም አዋጁ ከነጉድለቱ ለአገሪቱ የመጀመሪያው ነው።

ማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን ማንሳት አለባቸው። የቅጣት አንቀጹ ግን ስለ እነሱ አያነሳም። ዋና መሥሪያ ቤታቸውም ውጭ አገር ነው። ትልቁ ክስ የተከፈተውም አገር ውስጥ ሳይሆን፣ የፌስቡክ ይዘት ተቆጣጣሪዎች ይሠሩባት በነበረችው ናይሮቢ ነው። በ2014 የተገደሉ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ልጅ፣ ፌስቡክ ላይ የተለጠፈባቸውን የጥላቻ ጽሑፍ ምክንያት አድርጎ፣ ታኅሣሥ 2015 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ። በ2017 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወስኗል።