ተከታታይ ገዳዮች፦ የባህሪያቸው ሥነ ልቦናና መንስኤ ከሐዋሳ ሲታይ

ተከታታይ ግድያ አንድ ሰው፣ አልፎ አልፎም የሚያብሩ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች፣ ሁለትና ከሁለት የሚበልጡ ሰዎችን በተለያየ ጊዜ የሚገድሉበት ወንጀል ነው። ይህ ፍቺ የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2005 በሳን አንቶኒዮ ከተማ ከጠራው የባለሙያዎች ጉባኤ በኋላ የተቀበለው ሲሆን፣ በ1998 የወጣው የአገሪቱ ሕግ ግን ቢያንስ ሦስት ግድያዎችን ይጠይቅ ነበር። ቁጥሩ ቢያከራክርም ዋናው መለያ በግድያዎቹ መካከል ያለው የጊዜ ክፍተት ነው። በአንድ ቀን በአንድ ስፍራ ብዙ ሰው የሚፈጅ ታጣቂ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይሞታል ወይም ይያዛል፤ ተከታታይ ገዳይ ግን ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ በማግስቱ ሥራ ይገባል፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል፣ ከሳምንታት ወይም ከዓመታት በኋላም እንደገና ይገድላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ «ዓ.ም.» የተጨመረባቸው ግን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ሐዋሳ እንዲህ ያለ ወሬ የሚደርሰው በአብዛኛው ከሌላ አገር ነው። በመስከረም 2023 የሩዋንዳ ፖሊስ ዴኒስ ካዙንጉ የተባለን ሰው በኪጋሊ ይዞ፣ ተከራይቶት በነበረው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ከተቆፈረ ጉድጓድ አስከሬኖችን አወጣ፤ ግለሰቡ 14 ሰዎችን መግደሉን አምኖ በመጋቢት 2024 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። እንዲህ ያለ ዜና በቡና ላይ ሲነሳ ከተማችን ውስጥ የሚሰማው ማብራሪያ ብዙ አይደለም፦ ሰይጣን ቢያድርበት ነው፣ እብድ ቢሆን ነው፣ ወይም ያላሳደገው ቤተሰብ ጥፋት ነው። ሦስቱም ሰው የሚያምንባቸው ከባድ ሐሳቦች በመሆናቸው ጥናቱ ከሚለው ጋር ማስተያየት ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው ማብራሪያ የድርጊቱን ክፋት በትክክል ይሰይማል፤ ክፋቱን ማቃለል የሚፈልግ ሰው ያለ አይመስለኝም። ችግሩ ሰዎች ክፋቱ ከፊት ላይ የሚነበብ አድርገው እንዲጠብቁ ማድረጉ ነው። ከ1974 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት በካንሳስ ግዛት 10 ሰዎችን የገደለው ዴኒስ ሬደር በ2005 ሲያዝ የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ሊቀ መንበር፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበር። በሲያትል አካባቢ 49 ሴቶችን በመግደል የተፈረደበት ጋሪ ሪጅዌይ ደግሞ ከ30 ዓመታት በላይ በአንድ የጭነት መኪና ፋብሪካ በቀለም ቀቢነት ሠርቷል።

እብደት የሚለው ሰፋ ያለ ማብራሪያ ያስፈልገዋል፤ እዚህ ላይ ያለው ስህተት የሚጎዳው ገዳዮቹን ሳይሆን ምንም ያላጠፉ ሕመምተኞችን ነውና። እውነታን ከቅዠት መለየት ያቃታቸው ተከታታይ ገዳዮች ታይተዋል። ኸርበርት ሙሊን በ1972 እና በ1973 በካሊፎርኒያ 13 ሰዎችን የገደለው የሰው ደም ካልፈሰሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ይመጣል ብሎ በማመኑ ነበር። እንዲህ ያለው ግን ጥቂት ነው፤ ድምፅ የሚሰማውና ሐሳቡ የተበታተነበት ሰው ዱካውን አጥፍቶ ለዓመታት መሰወር ይከብደዋል። ሐዋሳ ውስጥ በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና የሚከታተሉትም ሆኑ ጠበል የሚሄዱት ወገኖቻችን በአብዛኛው በማንም ላይ ጉዳት አያደርሱም፤ ይልቁንም የሚደበደቡት፣ የሚታሰሩትና የሚገለሉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ «ገዳይ እብድ ነው» የሚለው አነጋገር በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም።

ባለሙያዎች በብዙዎቹ ተከታታይ ገዳዮች ላይ የሚያነሱት ከአእምሮ ሕመም ይልቅ የስብዕና መዛባትን፣ በተለይም ሳይኮፓቲ የሚባለውን ባህሪ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ኸርቪ ክሌክሊ በ1941 በዝርዝር የገለጸው ይህ ባህሪ በካናዳዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሮበርት ሄር 20 ነጥቦች ባሉት መመዘኛ ይለካል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 2 ስለሚሰጠው ከፍተኛው ድምር 40 ሲሆን፣ በሰሜን አሜሪካ 30 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው በዚህ ስም ይመደባል። ከመመዘኛዎቹ መካከል አንደበተ ርቱዕነት፣ የተጋነነ የራስ ግምት፣ ልማደኛ ውሸት፣ ሌላውን መጠቀሚያ ማድረግ፣ ጸጸት ማጣት እና የስሜት ጥልቀት ማነስ ይገኛሉ። እንዲህ ያለ ሰው ሌላው ሲሰቃይ ስቃዩን በአእምሮው ያውቀዋል፤ ነገር ግን በውስጡ አይሰማውም። ቢሆንም ሳይኮፓቲ ብቻውን ገዳይ አያደርግም። ከጠቅላላው ሕዝብ 1 በመቶ ገደማ የሚሆነው ይህ ባህሪ እንዳለው ይገመታል፤ ከእነዚህም ውስጥ እጅግ አብዛኞቹ ማንንም ሳይገድሉ ይኖራሉ፣ አንዳንዶቹ እያታለሉ፣ አንዳንዶቹ የቅርብ ሰዎቻቸውን እየበደሉ።

ይህ ልዩነት በሕግ ፊት ትልቅ ትርጉም አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 አንድን ሰው ከኃላፊነት ነጻ የሚያደርገው ድርጊቱን በፈጸመ ጊዜ የድርጊቱን ምንነት ወይም ውጤት መረዳት፣ ወይም በተረዳው መጠን ራሱን መቆጣጠር ፈጽሞ ያልቻለ እንደሆነ ነው፤ ችሎታው በከፊል የጎደለ ከሆነ አንቀጽ 49 ቅጣቱ እንዲቀልል ይፈቅዳል፤ ጥርጣሬ ሲኖርም አንቀጽ 51 ፍርድ ቤቱ የባለሙያ ምርመራ እንዲያዝ ያደርጋል። ጸጸት የሌለው ግን የሚያቅድ፣ ምስክር እስኪርቅ የሚጠብቅና ማስረጃ የሚያጠፋ ሰው ሁለቱንም ችሎታዎች በተግባር አሳይቷል። የአሜሪካው ጄፍሪ ዳህመር 17 ወጣቶችን ከገደለ በኋላ በ1992 በዊስኮንሲን ጉዳዩ ሲታይ ክርክሩ የነበረው በዚሁ ላይ ሲሆን፣ ዳኞቹ ድርጊቱን ሲፈጽም ጤነኛ አእምሮ ነበረው ብለው ወስነዋል።

ወደ አስተዳደግ ስንመጣ ማስረጃው ይበዛል፤ መደምደሚያው ግን ሰው እንደሚያስበው ቀጥተኛ አይደለም። በብዙ ተከታታይ ገዳዮች ታሪክ ውስጥ ድብደባ፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ መጣልና ውርደት ይገኛል። በጀርመን ዱሰልዶርፍ ሽብር የፈጠረውና በ1931 በሞት የተቀጣው ፒተር ኩርተን ያደገው ሰካራሙ አባቱ መላ ቤተሰቡን በሚያሰቃይበት በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። በዚያችው ክፍል ያደጉ ብዙ ወንድሞችና እህቶች ግን ነበሩት፤ ዓለም የሚያውቀው ገዳይ እሱን ብቻ ነው። በሌላ በኩል የዳህመር የልጅነት ቤት ንዝንዝና ፍቺ ቢኖርበትም ከኩርተን ቤት ጋር የሚወዳደር ጭካኔ አልነበረበትም። ስለዚህ የልጅነት ጥቃት አደጋን ይጨምራል እንጂ ዕጣ አይወስንም፤ ተደብድቦ ያደገ ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን እንዲታይ ማድረግም ሁለተኛ በደል ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ በሰፊው የተሰራጨ አንድ ሐሳብ አለ። ሐኪሙ ጆን ማክዶናልድ በ1963 በዴንቨር እገድላለሁ ብለው የዛቱ 100 ታካሚዎችን አጥንቶ፣ አልጋ ላይ መሽናት፣ እሳት መለኮስና እንስሳትን ማሰቃየት በአንድ ልጅ ላይ አብረው ሲታዩ የወደፊት ጭካኔን ያመለክታሉ የሚል ግምት አቀረበ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ይህን ጥምረት አልደገፉትም፤ በተለይ አልጋ ላይ መሽናት ከጭካኔ ጋር ዝምድና እንደሌለው ታይቷል። በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ተደጋጋሚና ሆን ተብሎ የሚደረግ ማሰቃየት ግን አሁንም በቁም ነገር የሚታይ ምልክት ነው፤ ለልጁ ብዙውን ጊዜ ራሱ እየተጠቃ መሆኑን የሚናገርበት መንገድ ነውና።

የአካል ጥናቶችም የራሳቸውን ድርሻ አበርክተዋል። አቭሻሎም ካስፒና ባልደረቦቹ በኒው ዚላንድ ደኒደን ከተማ ከተወለዱበት ጊዜ ጀምሮ ክትትል ሲደረግላቸው ከኖሩ ሰዎች መካከል 442 ወንዶችን መርምረው በ2002 ባወጡት ጥናት፣ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ ኤ የተባለው ኢንዛይም ዝቅተኛ እንዲሆን የሚያደርግ ዘረ መል ያላቸው ልጆች ወደ ጸረ ማኅበራዊ ባህሪ በይበልጥ ያዘነበሉት በልጅነታቸው ከተበደሉ መሆኑን አሳይተዋል። ኤድሪያን ሬይን ደግሞ በ1997 የ41 ነፍሰ ገዳዮችን አንጎል ከሌሎች 41 ሰዎች ጋር አነጻጽሮ፣ ግልፍታን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል በገዳዮቹ ላይ በአማካይ ደካማ ሆኖ አገኘው። ነገር ግን ከእነዚያ መካከል ብዙ ሰው በተከታታይ የገደለው ግለሰብ ይህ የአንጎል ክፍሉ በደንብ ይሠራ ነበር። ይህ ሊያስገርም አይገባም። ግልፍተኛ ሰው በጠብ መሐል ይገድላል፤ ለዓመታት ሳይያዝ የሚገድል ሰው ግን ማቀድና መታገሥ ይችላል።

ታዲያ ለምን ይደጋግሙታል? ሮበርት ረስለር፣ ጆን ዳግላስና የነርስነት ምሁሯ አን በርጀስ 36 የታሰሩ ነፍሰ ገዳዮችን መሠረት አድርገው ባካሄዱት ጥናት፣ ከመጀመሪያው ግድያ በፊት ለዓመታት የተገነባ የዓመፅና የበላይነት ምናብ በተደጋጋሚ አገኙ። ብቸኛ የሆነ ልጅ የደረሰበትን ውርደት በምናቡ ይበቀላል፤ በምናቡ ሁሉን የሚያዝ እሱ ነው። ይህ ምናብ ከወሲብ ስሜት ጋር ሲቆራኝና ከሥራ መባረር ወይም ከመለያየት ጋር የሚመጣ ድንገተኛ ሽንፈት ሲገፋው ወደ ድርጊት ይሸጋገራል። ድርጊቱ ግን እንደተመኘው አይሆንም፤ ተጎጂዋ ትጮኻለች፣ ትለምናለች፣ ትታገላለች፣ ነገሩ በችኮላ ያልቃል። የተገኘው እርካታ ሲደበዝዝ ሌላ ሙከራ ይታቀዳል። ብዙዎቹ ከሟቾች ንብረት ጌጥ ወይም መታወቂያ የሚያስቀሩት ይህን ምናብ ለማቆየት ነው። እነዚሁ መርማሪዎች ገዳዮችን «የተደራጁ» እና «ያልተደራጁ» ብለው ቢከፍሏቸውም፣ ዴቪድ ካንተርና ባልደረቦቹ በ2004 የ100 አሜሪካውያን ገዳዮችን ወንጀል ሲመረምሩ ክፍፍሉ በመረጃ አልተደገፈም። ሴት ተከታታይ ገዳዮች ጥቂት ሲሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመርዝ፣ ለጥቅም ወይም ተንከባካቢ ሆነው የቅርብ ሰዎችን ይገድላሉ።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ስለ ገዳዩ ውስጥ ነው። በእኔ እምነት ለሐዋሳ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን እነማን እንደሚገደሉና ለምን ሳይታወቅ እንደሚቆይ ማወቅ ነው። ሞሰስ ሲቶሌ በደቡብ አፍሪካ በ1994 እና በ1995 ሴቶችን ሲያጠምድ መሣሪያ አልመዘዘም። ጥሩ ለብሶ፣ ለስለስ ባለ ንግግር፣ የሕፃናትን በደል የሚቃወም ድርጅት እንዳለው እየተናገረ ሥራ ፈላጊ ሴቶችን ያነጋግራል፤ የቅጥር ቃለ መጠይቅ አለ ብሎ ቀጠሮ ይይዛል፤ በቀጠሮው ቀን በባቡር ወስዶ ወደ «መሥሪያ ቤቱ» አቋራጭ ነው እያለ በሜዳ ውስጥ ያስኬዳቸዋል። ለቃለ መጠይቅ ብለው የክት ልብሳቸውን የለበሱ ሴቶች ነበሩ። በ1997 በ38 ግድያዎችና በ40 የመድፈር ወንጀሎች ጥፋተኛ ተብሎ 2,410 ዓመት ተፈረደበት።

በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከገጠር በርካታ ወጣት ሴቶችን ወደ ከተማዋ አምጥቷል። ብዙዎቹ ተቧድነው በተከራዩት ክፍል ይኖራሉ፣ በፈረቃ ይሠራሉ፣ ሥራ ሲለቁም በደላላ ወይም በሚያውቁት ሰው በኩል ሌላ ይፈልጋሉ። አንዲት ልጅ ለሁለት ቀን ባትታይ አብረዋት የሚኖሩት ወደ አገሯ ተመልሳ ይሆናል ይላሉ፣ አሠሪዋ ሥራ ትታ ሄደች ብሎ ይመዘግባል፣ ወላጆቿ ደግሞ ሐዋሳ ሥራ ላይ ናት ብለው ያስባሉ። ይህን የምጽፈው በከተማዋ እንዲህ ያለ ወንጀል ተፈጽሟል ለማለት ሳይሆን፣ በየአገሩ ተከታታይ ገዳዮች የተጠቀሙበት ክፍተት ይኸው ስለሆነ ነው። ሪጅዌይ ራሱ ሴተኛ አዳሪዎችን የመረጠው መጥፋታቸው ቶሎ ስለማይነገር መሆኑን ለፍርድ ቤት ገልጿል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሺፕማን የተጠቀመበት ሽፋን ደግሞ የተጎጂዎቹ ዕድሜ ነበር፦ አረጋውያን ታካሚዎቹን ዲያሞርፊን የተባለ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ እየወጋ ይገድላል፣ የሞት ምስክር ወረቀቱን ራሱ ይፈርማል። በ2000 በ15 ግድያዎች ቢፈረድበትም፣ በኋላ የተቋቋመው አጣሪ 215 ሰዎችን መግደሉን አረጋግጧል። የአስከሬን አዘጋጆች ሟቾቹ ልብሳቸውን እንደለበሱ ወንበር ላይ ተቀምጠው መገኘታቸው እንግዳ ሆኖባቸው ነበር።

በአገራችን የሰው ግድያ ሲመረመር የመጀመሪያው ጥያቄ ሟቹ ከማን ጋር ጠብ ነበረው የሚል ነው፤ ይህም ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። አብዛኛው ግድያ በመሬት፣ በገንዘብ፣ በትዳር ወይም በመጠጥ ቤት ጸብ በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ይፈጸማል። ደም የሚያደርቀው የጉማ ሥርዓትም ሆነ በሲዳማ ሽማግሌዎች ጉዳይ የሚጣራበት የአፊኒ ሸንጎ የሚሠሩት ገዳይና ሟች፣ የሁለቱም ወገንና የጠቡ መነሻ ስለሚታወቁ ነው። ተከታታይ ገዳይ ከሟች ጋር ጠብ የለውም፤ ብዙ ጊዜ ትውውቅም የለውም። ስለዚህ ባል፣ ጓደኛ ወይም ባለዕዳ ሲታሰር እሱ በሌላ ክፍለ ከተማ ይቀጥላል። መፍትሔው በየጣቢያው የተበታተኑ መዝገቦችን ማገናኘት ነው፤ የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ በ1990ዎቹ አጋማሽ የሥነ ልቦና ባለሙያዋን ሚኪ ፒስቶሪየስን ቀጥሮ ለዚሁ ሥራ የተለየ ክፍል አቋቁሟል።

በአሜሪካ የተከታታይ ገዳዮች ቁጥር በ1980ዎቹ ከፍተኛ ደረጃ ደርሶ ከዚያ ወዲህ ቀንሷል፤ ለዚህም የዘረ መል ምርመራ፣ የረጅም ጊዜ እስራትና የተንቀሳቃሽ ስልክ መስፋፋት በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። ሪጅዌይ በ1984 በውሸት መለያ መሣሪያ ተመርምሮ አልፎ ነበር፤ ፖሊስ በ1987 የምራቅ ናሙና ወስዶ አስቀመጠ፤ ናሙናውን ከሟቾች አካል ከተገኘው ማስረጃ ጋር ማመሳከር የተቻለው ግን በ2001 ሲሆን፣ የተያዘውም በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ከሥራ ሲወጣ ነው።