አሲስቶሊ ምንድን ነው?

ሆስፒታል ውስጥ የሚካሄድ ተከታታይ ድራማ ያየ ሰው ትዕይንቱን ያውቀዋል። በሞኒተሩ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የነበረው መስመር በድንገት ቀጥ ይላል፤ ማሽኑ ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ ሐኪሙ «ዞር በሉ!» ብሎ የበሽተኛውን ደረት በኤሌክትሪክ ይመታል። በሽተኛው ከአልጋው ተስፈንጥሮ ይመለሳል፤ ልቡም ሥራውን ይቀጥላል። ያ ቀጥ ያለ መስመር በሕክምና አጠራሩ አሲስቶሊ ይባላል። ልብ ምንም ዓይነት የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የማያሳይበት ሁኔታ ነው። የድራማው ሐኪም የተጠቀመበት መሣሪያ ደግሞ ለዚህ ሁኔታ አይሠራም።

ይህ በደረት በኩል ለልብ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ መሣሪያ ዲፊብሪሌተር ይባላል፤ የቆመ ልብ አያስነሳም። እንዲያውም የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ልብን ለአፍታ ጸጥ ያሰኛል። የሚጠቅመውም በዋናነት የታችኞቹ የልብ ክፍሎች ጡንቻዎች ሥርዓት አጥተው በየፊናቸው ሲርገበገቡ ነው፤ ይህ ቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽን ይባላል። ልቡ ይንቀጠቀጣል እንጂ ደም አይረጭም። የኤሌክትሪክ ንዝረቱ ትርምሱን በአንድ ጊዜ ይቆርጠውና ምት የሚሰጡት የልብ ሕዋሳት መሪነታቸውን መልሰው እንዲይዙ ዕድል ይከፍታል። በአሲስቶሊ ጊዜ ግን የሚቆረጥ ትርምስ የለም። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ «ጸጥታ!» ብሎ እንደ መጮኽ ነው።

ፊብሪሌሽን በሞኒተር ላይ የሚታየው እንደ ተዘበራረቀ ሞገድ ስለሆነ ተመልካቹ ወዲያው ላይገባው ይችላል። ቀጥ ያለ መስመር ግን ማብራሪያ አይፈልግም። የድራማ ሠሪዎቹ ምርጫ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ለዕይታ የተመቸውን ወስደው ለሕክምና የሚሆነውን ተዉት።

በእውነተኛው ክፍል ውስጥ ሥራው እንዲህ አያምርም። ባለሙያዎቹ አስቀድመው በሽተኛው የደም ሥር ምት እንዳለው ይፈትሻሉ፤ የተነቀለ ሽቦም ቀጥ ያለ መስመር ሊያሳይ ይችላልና። ከዚያ ደረቱን መጫን ይጀምራሉ፤ ለአዋቂ ሰው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ጥልቀቱም ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር። የጎድን አጥንት መሰበሩ የተለመደ ነው። ተዋናዮች ክርናቸውን አጥፈው ደረት የሚነካኩት ከሥር የተኛው ባልደረባቸው ጤነኛ ሰው ስለሆነ ነው፤ በዚህ አልፈርድባቸውም። ደረት ከመጫኑ ጎን ለጎን አድሬናሊን በደም ሥር ይሰጣል፤ ልቡን ያቆመው ምክንያትም ይፈለጋል፦ የኦክስጅን እጥረት፣ ብዙ ደም መፍሰስ፣ የፖታሲየም መዛባት፣ መመረዝ ወይም የሰውነት ከመጠን በላይ መቀዝቀዝ ሊሆን ይችላል።

በ1996 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመ ጥናት በሦስት የአሜሪካ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ላይ የታዩ የልብ ማንቃት ሙከራዎችን ቆጥሮ ነበር። ከ60 ያህል ሙከራዎች በ75 ከመቶዎቹ የበሽተኛው ልብ ተመልሷል፤ 67 ከመቶዎቹም ድነው ከሆስፒታል የወጡ ይመስሉ ነበር። በዚያው አገር ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው ከሚቆም ሰዎች በሕይወት ወደ ቤታቸው የሚመለሱት ግን ከአሥር አንድ ገደማ ናቸው። መጀመሪያ የታየው አሲስቶሊ ከሆነ ዕድሉ ከዚህም በእጅጉ ያንሳል። በድራማው ሕይወቱ የተረፈው ሰው ዓይኑን ገልጦ ሚስቱን በስሟ ይጠራል፤ በእውነቱ ግን ብዙዎች ራሳቸውን እንደሳቱ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይገባሉ፤ ለአንጎል ጉዳት የሚዳረጉም አሉ።

ድራማው የሚፈጥረው የተሳሳተ ግምት ጉዳቱ የሚታየው ሐኪም የአንድን አዛውንት ልጆች ሰብስቦ «የአባታችሁ ልብ ቢቆም ምን እናድርግ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ልጆቹ በአእምሯቸው ያለው የቴሌቪዥኑ ወጣት በሽተኛ ከሆነ፣ ሐኪሙ የሚነግራቸውን ዝቅተኛ ዕድል እንደ ተስፋ መቁረጥ ወይም እንደ ቸልተኝነት ሊቆጥሩት ይችላሉ።

በአየር ማረፊያዎችና በስታዲየሞች ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው አውቶማቲክ ዲፊብሪሌተር በዚህ ረገድ ከድራማው ሐኪም ይሻላል። የልቡን ምት ራሱ ያነባል፤ አሲስቶሊ ካገኘ ንዝረት አይሰጥም፤ ደረት መጫኑ እንዲቀጥል በድምፅ ያዛል።