የማገዶ «የሙቀት ይዘት» ምንድን ነው? እርጥብ ፍልጥ ምጣድ የማያግለው ለምንድን ነው?

እርጥብ ፍልጥ ምድጃ ውስጥ ሲገባ በድምፁ ይታወቃል። ጫፉ ላይ ውሃ ያቆራል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ጭስስ ይላል። ቤቱ በጭስ ይታፈናል፣ ምጣዱ አልግል ይላል፣ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። ጋጋሪዋ እንባዋን እየጠረገች እፍ ስትል ትውላለች። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ሊጡ ወይም እሷ ናት። ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ ያለው ማገዶው ውስጥ ነውና።

የሙቀት ይዘት የሚባለው አንድ ኪሎ ማገዶ ነድዶ ሲያልቅ የሚሰጠው ሙቀት ነው፤ በሜጋጁል ይለካል። ሙሉ በሙሉ የደረቀ እንጨት በኪሎ ከ18 እስከ 20 ሜጋጁል ገደማ ይሰጣል። የሚገርመው ዛፉ ባሕር ዛፍም ይሁን ወይራ ቁጥሩ ብዙም አለመለያየቱ ነው። ሁሉም በዋናነት ሴሉሎስ፣ ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን ከሚባሉ ተመሳሳይ የእንጨት ንጥረ ነገሮች የተሠሩ ናቸው። «የወይራ እሳት ይለያል» የሚባለው ውሸት ሆኖ አይደለም፤ ወይራ እምቅ ስለሆነ እኩል መጠን ያለው ፍልጥ ብዙ ኪሎ ይመዝናል፣ ፍሙም ይቆያል። በሚዛን ሲታይ ግን ልዩነቱ ይጠባል።

ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ውሃ ነው። ገና የተቆረጠ እንጨት ግማሽ ክብደቱ ውሃ ሊሆን ይችላል። ይህን አንድ ኪሎ ስናነድ በእጃችን ያለው እንጨት ግማሽ ኪሎ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ውሃው ተንኖ እስኪወጣ ድረስ ለራሱ ሙቀት ይበላል፤ ለአንድ ኪሎ ውሃ ትነት ብቻ ከ2 ሜጋጁል በላይ ይሄዳል። ተቀናንሶ የሚተርፈው 8 ሜጋጁል ገደማ ነው። ያው እንጨት ደርቆ እርጥበቱ ወደ 15 በመቶ ቢወርድ ግን በኪሎ 15 ሜጋጁል ያህል ይሰጥ ነበር። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ጉዳቱ ግን በዚህ አያበቃም። ከእንጨት ክብደት አብዛኛው፣ ከውሃው ውጪ ሦስት አራተኛው ያህል፣ ሲሞቅ ወደ ጋዝ የሚለወጥ ነው። ነበልባል ሆኖ የምናየው ይህ ጋዝ ሲነድ ነው። ውሃው እሳቱን ሲያቀዘቅዘው ጋዙ ሳይነድ ያመልጣል፤ ጭስ የምንለው እሱ ነው። ዓይን የሚያቃጥለው፣ ሳንባ የሚጎዳው፣ ጣራ የሚያጠቁረው ጭስ ያልነደደ ነዳጅ ነው ማለት ነው። «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» ይባላል፤ ምድጃ ላይ ደግሞ እርጥቡ የሚነደው የደረቁን ሙቀት በልቶ ነው።

እርጥበቱን ለማወቅ መሣሪያ የግድ አይደለም። ሁለት ፍልጥ እርስ በርስ ያጋጩ፤ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ እርጥቡ ይታፈናል። ደረቅ ፍልጥ ጫፉ ላይ ሰንጠቅ ሰንጠቅ ይላል፣ ልጡም በቀላሉ ይላቀቃል። የበለጠ እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ከጫኑ አንዱን ፍልጥ መዝኖ ፀሐይ ላይ ያውለው፤ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም የጎደለው ሁሉ በእንጨት ዋጋ የተገዛ ውሃ ነው።

የእኛ ስኳር ፋብሪካዎችም የሚታገሉት ከዚሁ ነገር ጋር ነው። በወንጂም በፊንጫአም አገዳው ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ባጋስ ቦይለር (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ ትልቅ ምድጃ) ውስጥ ነድዶ እንፋሎትና ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ከመጭመቂያው ሲወጣ ግን ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው።

ከውሃ ቀጥሎ አመድ ይመጣል። እንጨት በአብዛኛው ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ ብቻ አመድ ሲተው፣ የሩዝ ፍሬ ቅርፊት ወደ 20 እጅ ይተዋል። የኩበት አመድም ብዙ ነው፤ አመድ ደግሞ አይነድም። የቡና ገለባ ሌላ ጠባይ አለው። አመዱ ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ስለሚበዛበት በኃይለኛ እሳት ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ እንደ ድንጋይ ይጋገራል። የቡና ገለባ የሚያነድ ቦይለር ያለው ሰው የእሳቱን ሙቀት ልክ ካልጠበቀ፣ በማግስቱ የምድጃውን ፍርግርግ በመዶሻ ሲፈልጥ ይውላል።