የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አሠራር ለጣና ዳር ተማሪ

ባህር ዳር ላይ እንግሊዝኛ የሚያስፈልገው ሰው ብዙ ነው፣ ቱሪስት ይዞ ዘጌ ገዳማቱን የሚያስጎበኝ ልጅ አለ፣ ሆቴል ሪሴፕሽን የምትሠራ አለች፣ ሃይስኩል ገብቶ ባዮሎጂውም ሂሳቡም በእንግሊዝኛ የሆነበት ተማሪ አለ። አብዛኞቹ ቃላት አጥተው አይደለም የሚቸገሩት፣ ቃሉን የት እንደሚያስቀምጡት ነው።

እኛ «ጉማሬው ታንኳውን ገለበጠው» እንላለን፣ ቦታ አቀያይረን «ታንኳውን ጉማሬው ገለበጠው» ብንልም ማንም አይሳሳትም፣ ምክንያቱም «ን»ዋ የተገለበጠው ታንኳው እንደሆነ ትናገራለች። እንግሊዝኛ ይቺ «ን» የለችውም። «ዘ ሂፖ ኦቨርተርንድ ዘ ቦት» ካላችሁ ገልባጩ ጉማሬው ነው፣ ሁለቱን ስሞች ካቀያየራችኋቸው ግን ታንኳው ጉማሬውን ገለበጠው ማለት ይሆናል። ባለቤት መጀመሪያ፣ ግስ መሀል፣ ተሳቢ መጨረሻ እየተባለ የሚሸመደደው ነገር ምክንያቱ ይሄ ነው፣ የ«ን»ን ሥራ የሚሠራው ቦታው ራሱ ነው። ይሄ ሳይነገራቸው ህጉን ብቻ የሚሸመድዱ ልጆች ያሳዝኑኛል።

የዛሬ 1000 ዓመት ገደማ እንግሊዝኛም ስሞቹ መጨረሻ ላይ እንዲህ አይነት ምልክት ነበረው፣ ምልክቱ ቀስ በቀስ እየረገፈ ሲሄድ የቃላቱ ቅደም ተከተል እየጠበቀ መጣ፣ ትርፉ ዛሬ «ሂ» እና «ሂም»፣ «አይ» እና «ሚ» ላይ ቀርቷል። በነገራችን ላይ ግዕዝ የተማረ የአብነት ተማሪ ተሳቢው ከግሱ ኋላ መምጣቱ ብዙም አይገርመውም፣ «በልዐ ኅብስተ» ሲል ለምዶታል።

ሌላው ባለቤቱ ነው። አማርኛ ግሱ ውስጥ ሁሉንም ይሸከማል፣ «ሄድኩ» ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ እንግሊዝኛ ግን «ዌንት» ብሎ አይቆምም፣ «አይ ዌንት» ማለት አለበት። ክረምት ላይ «እየዘነበ ነው» ለማለት «ኢዝ ሬይኒንግ» የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ትክክሉ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ነው፣ እዚህ ጋ «ኢት» የሚያመለክተው ዕቃም ሰውም የለም፣ የባለቤቱ ወንበር ባዶ እንዳይሆን ብቻ ነው የተቀመጠው። «ነው» ደግሞ ከመጨረሻ ተነስቶ መሀል ይገባል፣ «ጣና ትልቅ ሐይቅ ነው» የሚለው «ጣና ኢዝ ኤ ቢግ ሌክ» ይሆናል። ቅጽሉ ከስሙ በፊት መሆኑ ሁለቱም ጋ አንድ ስለሆነ እሱ አያስቸግርም።

ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም ነው እንግዲህ ብዙ ሰው የሚጠፋበት፣ ግን ደስ የሚል መንገድ አለው። «ነገ ጠዋት በጀልባ ወደ ዘጌ እንሄዳለን» የሚለውን ውሰዱና ከኋላ ጀምራችሁ ወደፊት ኑ፦ እንሄዳለን፣ ወደ ዘጌ፣ በጀልባ፣ ነገ ጠዋት። «ዊ ዊል ጎ ቱ ዘጌ ባይ ቦት ቱሞሮው ሞርኒንግ»፣ አለቀ! ሁሌ እንዲህ አይሰምርም ግን ለጀማሪ በጣም ይረዳል። «ከዘጌ የመጣው ቡና» ላይም ይሠራል፣ እኛ ገለጻውን ሁሉ ደርድረን ቡናውን መጨረሻ እንጠራለን፣ እነሱ ቡናውን መጀመሪያ ጠርተው «ዘ ኮፊ ዛት ኬም ፍሮም ዘጌ» ይላሉ፣ «ሐይቁ ውስጥ» ደግሞ «ኢን ዘ ሌክ» ይሆናል።

ጥያቄ ላይ እኛ ድምፅ ማንሳት ይበቃናል፣ «ዓሣ ትበላለህ?» ብሎ ነገሩ ያልቃል። እንግሊዝኛ «ዱ» የምትባል አጋዥ ግስ ፊት ላይ ያቆማል፣ «ዱ ዩ ኢት ፊሽ?»። የትናንት ከሆነ የኃላፊ ጊዜን ምልክት የምትይዘው አጋዥዋ ስለሆነች ዋናው ግስ አይለወጥም፣ «ዲድ ዩ ኢት ፊሽ?» ይባላል እንጂ «ዲድ ዩ ኤት» አይባልም። «ሺ» እና «ሂ» ላይም እንደዛው ነው፣ «ሺ ሴልስ ፊሽ» ስትሉ ግሱ ጋ ያለችው «ስ»፣ ጥያቄ ሲሆን ወደ አጋዥዋ ትሄድና «ደዝ ሺ ሴል ፊሽ?» ይሆናል።