ቅሬም ተቋም ነው

ደሴ ላይ “ተቋም” ቢባል ብዙ ሰው የሚታየው ማኅተም፣ ዘበኛና “ነገ ተመለስ” የሚል ጸሐፊ ነው። ቃሉ ግን “ቆመ” ከሚለው የወጣ ነው፤ ጥያቄው የቆመው ምንድን ነው የሚለው ነው።

“ተቋም ማለት ሕንፃ ያለው መሥሪያ ቤት ነው።”

አይደለም። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሕንፃ የሌለው ቅሬ ሞልቷል፤ ደንብ የሌለው ግን የለም። ጥሩንባው ሲነፋ ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑም ለሙስሊሙ ቀብር ይወጣል። የቀረ ይቀጣል፤ መቅረትን ልማድ ያደረገ ከቅሬ ይባረራል። እሱንስ ማን ይቀብረዋል? ፖሊስ የማያውቀውን ደንብ የሚያስከብረው ይህ ፍርሃት ነው። በ1986 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ያገኘው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዳግላስ ኖርዝ ተቋምን ከጨዋታ ሕግ፣ ድርጅትን ከተጫዋች ጋር ያመሳስል ነበር። በእሱ መለኪያ ቀብር የመውጣት ግዴታው ራሱ ተቋም ነው።

“ፍርድ ቤት እያለ ሽማግሌ ምን ይሠራል?”

ፍርድ ቤት ገዳዩን ያስራል፤ የሟች ወንድም ቂሙን እንዲተው ግን ማድረግ አይችልም። ያ ወሎ አበጋር የሚለው የአስታራቂ ሽማግሌ ሥራ ነው። በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ደግሞ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ለመዳኘት በር ይከፍታል፤ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ። (ሚስት በሽማግሌ ፊት “እሺ” ስትል ፈቅዳ ነው ወይስ አፍራ? ይህን አንቀጹ አይመልሰውም።)

“ተቋም ከሆነ በጎ ነው።”

ያለ ዕድሜ ጋብቻም ደንብና ሽማግሌ ያለው ተቋም ነው።

“ተቋሙ ይቋቋም እንጂ ሥራው በራሱ ይሄዳል።”

ይህን ወሎ በሬሳ ቆጥሮ ተምሮታል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ ወሬው ተሸሸገ። ከዚያ በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሌላ ድርቅ ሲመጣም አልተኛም። መጋቢት 1976 ዓ.ም. ላይ አደጋውን አስታውቆ ለጋሾችን እህል ጠየቀ። ለጋሾቹ ቁጥሩን ተጠራጠሩ፤ መንግሥት ደግሞ መስከረም ላይ ለሚውለው 10ኛው የአብዮት በዓል ሽር ጉድ ይል ነበር። ዓለም የነቃው ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ላይ፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም የተቀረጸው ምስል በቴሌቪዥን ሲታይ ነው። የኮሚሽኑ ጥሪ ከወጣ ሰባት ወር ሊሞላው ነበር።