ሐናቢ፦ የጃፓን የበጋ ሌሊት ርችት

ርችት በጃፓንኛ «ሐናቢ» ይባላል፤ የእሳት አበባ እንደ ማለት ነው። ወቅቱ በጋ ነው። የእነርሱ በጋ ግን የእኛ ክረምት መሆኑን ልብ ይሏል፤ ጁላይና ኦገስት፣ ወበቁ ሰውን ከቤት አውጥቶ ወንዝ ዳር በሚያስቀምጥበት ጊዜ።

ሌላው ዓለም ርችትን በአብዛኛው ለአዲስ ዓመትና ለድል ቀን ያቆየዋል። ጃፓን ውስጥ ግን ርችት ከሙታን መታሰቢያ ጋር ዝምድና አለው። ብዙው ሕዝብ በኦገስት አጋማሽ በሚያከብረው የኦቦን በዓል የሞቱ ዘመዶች ነፍስ ወደ ቤቷ ትመለሳለች ተብሎ ይታመናል፤ ስትመጣ መንገድ የሚያሳያት፣ ስትሄድ የሚሸኛት እሳት ይበራል። ኦገስት 16 ማታ በኪዮቶ ዙሪያ በአምስት ተራሮች ላይ የሚነደው ግዙፍ እሳት የዚሁ ሽኝት ነው።

የቶኪዮው የሱሚዳ ወንዝ ርችትም አጀማመሩ እንዲሁ ይተረካል። እ.ኤ.አ. በ1733 ሾጉኑ፣ ማለትም የጃፓን ወታደራዊ ገዥ፣ ቶኩጋዋ ዮሺሙኔ በረሃብና በወረርሽኝ ላለቁት መታሰቢያ አስተኮሰ ይባላል፤ የታሪክ አጥኚዎች ግን ትረካውን በጥርጣሬ ያዩታል። ጥርጣሬ የሌለበት የሁለት ርችት ሠሪዎች ፉክክር ነው። ካጊያ ነባሩ ነበር፤ ታማያ ከእርሱ ወጥቶ ተቀናቃኙ ሆነ። በ1843 ከታማያ የተነሳ ቃጠሎ ሰፈሩን በላ፤ ባለቤቱም ከከተማው ተባረረ። ይሁንና ሰማዩ ባበበ ቁጥር ተመልካቹ ዛሬም «ታማያ!» ብሎ ይጮሃል። ካጊያም ይጠራል፤ ለአፍ የጣመው ግን የተባረረው ስም ሳይሆን አይቀርም።

የሙታኑ ነገር ጎልቶ የሚታየው በኒጋታ ግዛት በምትገኘው በናጋኦካ ነው። ኦገስት 1 ቀን 1945 ከምሽቱ 4፡30 ገደማ የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ከተማዋን አነደዷት፤ ከ1,400 በላይ ሰው አለቀ። በየዓመቱ በዚያችው ሰዓት ነጭ ርችት ይተኮሳል። ትልቁ ትርኢት በማግሥቱና በሠልስቱ ነው፤ ያን ጊዜ 90 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 300 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ያለው ኳስ ወደ 600 ሜትር ወጥቶ ይፈነዳል።

ኳሱ የእጅ ሥራ ነው። ባለሙያዎቹ «ከዋክብት» የሚሏቸውን የባሩድ እንክብሎች በውስጠኛው ገጽ ላይ ይደረድራሉ፤ መሐሉን በማፈንጃ ባሩድ ይሞላሉ፤ ሁለቱን ግማሾች ገጥመው ላዩን ወረቀት ይደራርቡበታል። ከየትም አቅጣጫ ቢያዩት ክብ ሆኖ የሚያብበው ለዚህ ነው። ቀዩና አረንጓዴው የመጡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከውጭ በገቡ ኬሚካሎች ነው፤ ከዚያ በፊት የሰማዩ ቀለም የፍም ቀለም ነበር።

መሬት ላይ ደግሞ ዩካታ የተባለውን ስስ የጥጥ ልብስ የለበሰ ሕዝብ፣ የተጠበሰ ኑድልና ሽሮፕ የፈሰሰበት የበረዶ ፍቅፋቂ የሚሸጡ ዳሶች አሉ። ልጆች ውሃ ሲነካው በሚቀደድ የወረቀት መጭለፊያ ወርቃማ ዓሣ ለማውጣት ይታገላሉ። ቤት ሲመለሱ ሴንኮ ሐናቢ ይጠብቃቸዋል፦ ጫፉ ሲለኮስ ትንሽ የፍም ጠብታ የምትንጠለጠልበት የወረቀት ገመድ። ጠብታዋን ሳያስወድቅ የቆየ ያሸንፋል።