የምኩራብ ዜማ ድርሰትና ቅንብር

ለአይሁድ ጸሎትና በዓላት አዲስ ዜማ መድረስ፣ ወይም በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን ለመዘምራን ማቀናበር፣ ከሌላው የሙዚቃ ድርሰት የሚለይበት ዋና ነገር አለ። ግጥሙ የደራሲው አይደለም። ቃሉ በጸሎት መጽሐፉ ውስጥ ተወስኖ ያለ ሲሆን፣ የጸሎት መሪው (ሐዛን ይባላል) የሚያዜምበት ስልትም በዕለቱ ይወሰናል። አንዱ ጸሎት በሥራ ቀን፣ በሰንበትና በአዲስ ዓመት በተለያየ ስልት ይዜማል፤ ይህ ሥርዓት ኑሳሕ ይባላል። የቅዱስ ያሬድን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ጥሩ አቀናባሪ የሚባለውም ምእመኑ ዜማውን ሲሰማ ዕለቱ ምን እንደሆነ ሳይነገረው እንዲያውቅ የሚያደርግ ነው።

በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ሌዋውያን በበገናና በጸናጽል ይዘምሩ ነበር። ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላ በሐዘንና በሰንበት ሕግ ምክንያት የሙዚቃ መሣሪያ ከምኩራብ ወጣ። የጥብርያዶስ ሊቃውንት በአሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የመጽሐፍ ቅዱስን የንባብ ዜማ ምልክቶች በሥርዓት አጠናቀቁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

በስሙ የሚታወቅ የመጀመሪያው ታላቅ የምኩራብ አቀናባሪ የጣሊያኗ ከተማ የማንቱዋ ሰው ሰላሞኔ ሮሲ ነው። በጎንዛጋ መሳፍንት ቤት የሚያገለግል ሙዚቀኛ ነበር። በ1622/23 በቬኒስ ያሳተመው ስብስብ 33 የዕብራይስጥ መዝሙሮችና ጸሎቶችን ከሦስት እስከ ስምንት ለሚደርሱ ድምፆች አቀናብሮ ይዟል። ተቃውሞ እንደሚነሳ የታወቀ ስለነበር ሊዮን ሞዴና የተባለው ረቢ ለመጽሐፉ መከላከያ ጻፈለት። የኅትመቱም ጉዳይ ቀላል አልነበረም፤ ኖታ ከግራ ወደ ቀኝ ሲነበብ ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል። የተገኘው መፍትሔ ኖታውን እንደ ነበረ ትቶ እያንዳንዱን የዕብራይስጥ ቃል ሳይከፋፍሉ ከሥሩ ማስፈር ነበር። ዘማሪው ቃሉን በቀኝ በኩል ጀምሮ ያነባል፣ ኖታውን ግን በግራ በኩል ይከተላል። በ1630 ማንቱዋ በጦር ስትዘረፍ የአይሁድ ሰፈርም አብሮ ጠፋ፤ ሥራውም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተረስቶ ቆየ። ሳሙኤል ናውምቡርግ በ1877 በፓሪስ እንደገና ያሳተመው ባይሆን ኖሮ ዛሬ ስለ ሮሲ የሚያወራ ጥቂት ሰው ነበር።

ብዙ ሰነድ የተረፈልን ግን ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በ1826 በቪየና የከተማው ምኩራብ ሲመረቅ የሆኔምሱ ተወላጅ ሰሎሞን ሱልዘር (1804–1890) ሐዛን ሆኖ ተሾመ። ድምፁን ለመስማት አይሁድ ያልሆኑ ሙዚቀኞችም ይመጡ ነበር፤ ፍራንዝ ሊስት አንዱ ነው። ሱልዘር በሐዛኖች እጅ ሲበዛ ያጌጠውን የድሮ ዜማ ገርዞና አጥርቶ ለሐዛንና ለወንዶች መዘምራን አቀናበረ፤ ሥራዎቹንም «ሺር ጽዮን» በሚል ርዕስ በሁለት ቅጽ አወጣ። የመጀመሪያው ቅጽ በ1840 ገደማ ታተመ። በውስጡ ክርስቲያን ደራስያን ያበረከቱትም አለ። ፍራንዝ ሹበርት ባረፈበት በ1828 መዝሙር 92ን በዕብራይስጥ ቃሉ ለሱልዘር ደርሶለታል። ሰንበትን የሚመለከት መዝሙር ነው፤ የሐዛኑ ብቸኛ ድምፅና መዘምራኑ እየተቀባበሉ ይዘምሩታል። ሱልዘር ጌጡን ሲገርዝ የምሥራቅ አውሮፓን ጣዕም አጠፋ ብለው የሚወቅሱት አሉ። ወቀሳው መሠረት አለው፤ ይሁን እንጂ እሱ ባይጽፈው የቪየናው ዜማ በሙሉ በጆሮ ብቻ ይቀር ነበር። ይህ ምኩራብ በዘመኑ ሕግ መሠረት ከመንገድ እንዳይታይ ከመኖሪያ ቤቶች ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነበር። በኅዳር 1938 ናዚዎች የከተማዋን ምኩራቦች ሲያቃጥሉ ጎረቤት ቤቶቹ አብረው እንዳይነዱ ስለተፈራ ሳይቃጠል ተረፈ።

በበርሊን ሉዊስ ሌዋንዶውስኪ (1821–1894) ሥራውን ወደ ሕዝቡ አቀረበው። ወደ ንጉሣዊው የጥበብ አካዳሚ በመግባት የመጀመሪያው አይሁዳዊ ነው ይባላል። እሱ ሐዛን ሳይሆን የመዘምራን መሪ ነበር። ባሕላዊውን ዜማ ያገኘው ከሐዛን አብርሃም ያዕቆብ ሊክተንሽታይን አፍ ነው፤ አንዱ ሲያዜም ሌላው በኖታ ይጽፍ ነበር። ፕሮቴስታንቱ የሙዚቃ ደራሲ ማክስ ብሩክ ለቼሎ ለጻፈው «ኮል ኒድሬ» (በአይሁድ የስርየት ቀን፣ በዮም ኪፑር፣ ዋዜማ የሚዜም ጸሎት ስም ነው) መነሻ የሆነውን ዜማ ያገኘውም ከዚሁ ሐዛን ነው። ከ3,000 በላይ መቀመጫ የነበረው አዲሱ ምኩራብ በ1866 ሲከፈት ኦርጋን ነበረው። በ1871 የወጣው የሌዋንዶውስኪ መጽሐፍ ለሐዛንና ምእመኑ አብሮ እንዲዘምረው ለታሰበ ቀላል ድምፅ የተዘጋጀ ነው፤ ቀጣዩ በአራት ድምፅ ለመዘምራን ነው። ዓርብ ማታ በብዙ ቤቶች በወይን ጽዋ ላይ የሚዜመው የቡራኬ ዜማ የእሱ ነው።

ኦርጋን የክርክሩ ሁሉ እምብርት ነበር። በ1818 የሐምቡርግ የአይሁድ ተሐድሶ ማኅበር (የአምልኮ ሥርዓቱን ለማደስ የተነሳ ወገን) በምኩራቡ ሲያስገባው፣ በዓመቱ የከተማው ረቢዎች የተቃውሞ ደብዳቤዎችን ሰብስበው አሳተሙ። ኦርቶዶክስ የሚባሉት ወግ አጥባቂ አይሁድ እስከ ዛሬ በሰንበት አይፈቅዱትም።

የበዓል መዝሙሮች በአብዛኛው ደራሲያቸው አይታወቅም። በሐኑካ (የመብራት በዓል) የሚዘመረው «ማኦዝ ጹር» ግጥሙ የአሥራ ሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ የተለመደው ዜማ ከጀርመን የሕዝብ ዘፈኖች የተወሰደ ነው። ኤርነስት ብሎክ ለሳን ፍራንሲስኮ ኢማኑኤል ምኩራብ የሰንበት ጠዋት ጸሎትን በሙሉ ለኦርኬስትራ ጻፈ፤ ሥራው በ1934 በቱሪን ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ሽሎሞ ካርለባክና ዴቢ ፍሪድማን (1951–2011) ጊታር ይዘው መጡ። የፍሪድማን የፈውስ ጸሎት ዜማ በብዙ የአሜሪካ ምኩራቦች ይዜማል፤ የተሐድሶ ሐዛኖች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤትም በስሟ ተሰይሟል።

የቤተ እስራኤል ዜማ ከዚህ ሁሉ የተለየ መንገድ ሄዷል። ቄሶቹ ጸሎቱን በግዕዝ፣ አንዳንዱንም በአገውኛ፣ ያለ ኖታ በቃል ጠብቀው ለዘመናት አቆይተውታል። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ በበዓላት ነጋሪትና ቃጭል ያጅበዋል። ትውፊቱ ብዙውን ድርሰት በአሥራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለነበሩት መነኩሴ ለአባ ሳብራ ይሰጣል። በ1973 በጎንደር አካባቢ ዜማውን የቀረጸችው የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ካፍማን ሸለመይ፣ ሥርዓቱ ከኢትዮጵያ ክርስቲያናዊ ገዳማት ጋር በጥብቅ የተሳሰረ መሆኑን ጽፋለች። ከማኅበረሰቡ ይህን የማይቀበሉ አሉ። ዝምድናው ግን በቋንቋውም በስልቱም ይታያል፤ የዜማው ጥንታዊነትና ውበት በየትኛውም ወገን አልተካደም። በ1980ዎቹ የሙዚቃ ተመራማሪው ሲምሐ አሮምና ባልደረቦቹ በእስራኤል ከቄሶቹ ሰፊ ቅጂ ወሰዱ። ከዮም ኪፑር 50 ቀን በኋላ የሚውለው ሲግድ በ2008 በእስራኤል ፓርላማ ሕግ የመንግሥት በዓል ሆኗል፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም በአርሞን ሐነጺቭ ሰገነት ላይ ቄሶቹ በጥላ ሥር ሆነው ጸሎቱን በግዕዝ ያዜማሉ።